ወንዶች የተቆለፈባቸው ከሰዓት

እናቴ አባቴን ትታ የሄደችው በምርጫ ቀን ነው። ይህንን የምለው ዛሬ ነው። ያኔ ቢጠይቁኝ ኖሮ፣ ባኒ ከተማ ለምትኖረው ልብስ ሰፊ አክስቴ የምታጠብበው ልብስ ልናደርስላት ሄድን፣ ፓፒ፣ አባቴ ማለት ነው፣ ደግሞ ትምህርት ቤት ውስጥ ስለተቆለፈበት ቀረ እል ነበር። ስምንት ዓመቴ ነበር። የተነገረኝን ሁሉ እንዳለ የምውጥ ልጅ ነበርኩ፤ ያልተነገረኝን ደግሞ ከራሴ አውጥቼ እሞላዋለሁ።

በዚያ ዘመን በእኛ አገር ሴትና ወንድ በአንድ ሰዓት አይመርጡም ነበር። ጠዋቱ የሴቶች ነው፣ ከምሳ በኋላ ያለው የወንዶች። መራጩ ቀድሞ ገብቶ ይመዘገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ ከዚያ ስም እየተጠራ ተራ በተራ ይመርጣል። አንድ ሰው ሁለት ቦታ ዞሮ እንዳይመርጥ ነው ይሉ ነበር ትልልቆቹ። ለእኔ የመሰለኝ ግን እሳት ላይ የተጣደው ባቄላ ጠባቂ እንዳያጣ ተብሎ ነው። እንዲያ ቢሆንማ ጠዋት ባቄላውን መጠበቅ የነበረበት ፓፒ ነው። የጠበቅኩት ግን እኔ ነኝ።

ፓፒ፣ ሰው ኤሊሂዮ የሚለው፣ አሱዋ ከተማ ውስጥ የሰፈራችን የነጩ ፓርቲ ኮሚቴ ሊቀመንበር ነበር። ፓርቲዎቹን የምንጠራቸው በቀለማቸው ነው፤ ነጭ፣ ሐምራዊ፣ ቀይ። ኮሚቴው ቢሮ አልነበረውም፣ ቢሮው የእኛ ሳሎን ነበር። ምርጫው እየቀረበ ሲሄድ ሰው በዛ፣ ጠረጴዛ አነሰ፤ ፓፒም መዶሻና ፒንሳ ይዞ መጣና የእሱንና የማሚን መኝታ ቤት በር ከማጠፊያው ነቅሎ ሁለት በርሜል ላይ አጋደመው። በሩ በነበረበት ቦታ አበባ ያለው መጋረጃ ተሰቀለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሚ ልብስ ስትቀይር እኔ የመጋረጃውን ዳርና ዳር ይዤ እቆማለሁ። ከመጋረጃው ወዲያ ወንዶቹ ስለ ፍትሕ እየጮኹ ይከራከራሉ።

"ዲግና፣ ትንሽ ታገሺ" ይላታል ፓፒ። "ስናሸንፍ አዲስ በር ነው የማስገባልሽ። ያውም የማሆጋኒ እንጨት።"

ስናሸንፍ። ቤታችን ውስጥ የተበላሸ ነገር ሁሉ የሚሠራው ስናሸንፍ ነበር። ጣሪያው ስናሸንፍ፣ ቧንቧው ስናሸንፍ፣ ማሚ እህቷ ጋ ሄዳ አንድ ሳምንት የምታርፈውም ስናሸንፍ። ስናሸንፍ ማለት እንደ ገና፣ እንደ ፋሲካ ቀን ያለው በዓል ይመስለኝ ነበርና ኮሚቴው በተሰበሰበበት፣ "ፓፒ፣ ስናሸንፍ ከገና በፊት ነው ከገና በኋላ?" ብዬ ጠየቅኩ። ወንዶቹ ጠረጴዛውን፣ በሩን ማለቴ ነው፣ እየደበደቡ ሳቁ። ማሚ ፔርሙስ ይዛ ቆማ ነበር። እሷ አልሳቀችም። ጥያቄው የሷም ነበር፤ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ስትጠይቀው ኖራለች።

ፓፒ ክፉ ሰው አልነበረም። እጁን አንስቶባት አያውቅም፣ ሌላ ሴት ጋ ሄዶ አያውቅም። ሰፈሩ ውስጥ ሰው ቢሞት ሣጥን የሚያፈላልገው እሱ ነው፤ ሰው ቢታመም መኪና የሚለምነውም እሱ ነው። ከገዛ ቤቱ ችግር በቀር የማይገደው ችግር አልነበረም። "እኔ ቤት የገባ ሰው ጦሙን አይወጣም" እያለ ሲኩራራ፣ ሩዙን የምትቀቅለው ማን እንደሆነች አስቦ የሚያውቅ አይመስለኝም። ማሚ ለእነዚያ ወንዶች ሩዝ ስትቀቅል አረጀች ብል አላጋነንኩም። ያኔ ገና ሠላሳዎቹን መጀመሯ ነበር፤ ዛሬ እኔ በዕድሜ አልፌያታለሁ።

የመጀመሪያው ዙር ግንቦት ላይ ነበር። ማሚ ጠዋት መርጣ፣ ጣቷን ቀለም አስነክራ ተመለሰች። ለፓፒ ምሳ አቀረበችለት። እሱም በልቶ፣ ነጭ ቆቡን ደፍቶ፣ ግንባሬን ስሞ፣ "ዩዴልካ፣ ዛሬ ነው ስናሸንፍ!" አለኝና ወጣ። ከዓይናችን እንደራቀ ማሚ ከአልጋው ሥር ሻንጣ ጎተተች። ሻንጣው ቀድሞ ተሞልቷል።

"አክስትሽ የምታጠብብልን ልብስ ነው" አለችኝ። "ለፓፒ እንዳትነግሪው፣ ሰርፕራይዝ ነው።"

"የኔም ቀሚሶች አሉበት?"

"አሉበት።"

"እኔ እኮ እያደግኩ ነው። የኔ ለምን ይጠባል?"

"ዝም ብለሽ ጫማሽን አድርጊ።"

ወደ ዋናው መንገድ ወጥተን አንድ የሁመር ዛፍ ሥር ቆምን። የአሱዋ ፀሐይ ለማንም አታዝንም፣ ጥላው ውስጥም ትከተላለች። ሌላ ቀን የአውቶቡስ ረዳቶች ለአንድ መንገደኛ ሻንጣ የሚጓተቱበት መንገድ ጭር ብሏል። መሃል አስፋልቱ ላይ ፍየል ተኝታለች። ማሚ መንገዱን እስከ መታጠፊያው ታያለች፣ ትምህርት ቤቱ ወዳለበት ዞር ብላ ታያለች፣ ደግሞ መንገዱን ታያለች። እኔ የወደቀውን ኮምጣጣ የሁመር ፍሬ እየሰበርኩ ስመጥ ጥርሴ ጠረሰ።

በዚህ መሃል ጎረቤታችን ዶኛ ፍሬዴስቢንዳ፣ ዶኛ ወይዘሮ እንደማለት ነው፣ ጃንጥላ ዘርግተው ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ ብቅ አሉ። የቀዩ ፓርቲ ሰው ናቸው፤ ፓፒ "ያቺ ምላሰኛ" ይላቸዋል። ከእኛ ቤት ጋር በአጥር ብቻ ነበር የሚገናኙት።

"ዲግና! በዚህ ፀሐይ ከነልጅሽ ምን ትሠሪያለሽ?"

"አውቶቡስ እየጠበቅኩ ነው ዶኛ። ባኒ እህቴ ጋ ልሄድ ነው።"

"አውቶቡስ?" አሉ ሻንጣውን አይተው፣ ከዚያ ማሚን አይተው። "ማን ሊነዳልሽ ነው የኔ ልጅ? ሹፌሩ እኮ ወንድ ነው! ከነረዳቱ፣ ከነጎማ አስተካካዩ ተቆልፎበታል!"

ማሚ አፏን ከፍታ አየቻቸው። ከዚያ ሳቅ ጀመረች። ሻንጣው ላይ ቁጭ ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ዶኛም ሳቁ፤ እኔም እነሱን አይቼ ሳቅኩ። ማሚ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ሳቁ ካቆመ በኋላም እንባው ይወርድ ነበር። እኔ ሳቋን ያልጨረሰች መስሎኝ ጠበቅኳት።

ዛሬ ሳስበው እኔንም ሳቅ ይቀድመኛል። ምስኪን፣ ስንት ወር ስታሰላው ከርማለች። ፓፒ ከቤትም ከሰፈርም የማይኖርበት፣ ከኮሚቴው አንድም ሰው መንገድ ላይ አይቶ ወዴት ነው ብሎ የማይጠይቅበት ሰዓት ፈለገች፤ አገሩ ራሱ ወንዶቹን በሙሉ ሰብስቦ የሚዘጋባትን ከሰዓት አገኘች። ሹፌርም ወንድ መሆኑ ብቻ ሳይታያት ቀረ። ሻንጣውን ይዘን ተመለስን። ልብሱን አውጥታ ቦታው መለሰችው፣ ሩዝ ጣደች። ፓፒ ጣቱን እያሳየን እየጨፈረ ሲገባ ሩዙ በስሎ ነበር።

ያን ጊዜ ግን ስናሸንፍ አልሆነም። ነጩ አንደኛ ወጣ፣ ግማሹን ግን አላለፈም። ወንዶቹ ሬዲዮውን ከበው ቆመው ነበር፤ ሁለተኛ ዙር ይደረጋል ሲባል ግማሹ ተሳደበ፣ ግማሹ አጨበጨበ። ማሚ ትሪ ይዛ ልትወጣ ስትል ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች።

"ሌላ ዙር ነው?" አለች።

"ሌላ ዙር ነው ዲግና! ትንሽ ነው የቀረን!" ፓፒ ድምፁ ተዘግቶ ነበር። "ስድስት ሳምንት! ስድስት ሳምንት ምን አላት?"

ማሚ ትሪውን መሬት ላይ አስቀመጠች። ለፓርቲያችን ያዘነች መስሎኝ አጠገቧ ተቀምጬ እንደ ትልቅ ሰው ጀርባዋን መታ መታ አደረግኩላት፣ "አይዞሽ፣ ትንሽ ነው የቀረን" አልኳት። እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝ።

ከዚያ በኋላ የመጣው የግንቦትና የሰኔ ወር ማለቂያ አልነበረውም። ቀዩ ፓርቲ ከሐምራዊው ጋር አበረ ተባለና እኛ ቤት ጩኸቱ እጥፍ ሆነ። ሰዎቹ ጠዋት ይመጣሉ፣ ግድግዳ ላይ ይለጥፋሉ፣ ይበላሉ፣ ይከራከራሉ፣ ይበላሉ። ፓፒ ከሳ። ሸሚዙ ላዩ ላይ ይንጠለጠል ጀመር፤ ተቀምጦ እያለ ዓይኑ ይከደንና ሰው ሲገባ ብድግ ብሎ "ትንሽ ነው የቀረን!" ይላል። ማሚ ደግሞ ማውራት ተወች። ድስት ታነሳለች፣ ድስት ታስቀምጣለች። ቤቱ ውስጥ የማይደክመው ሬዲዮው ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት ልብስ ልታሰጣ ወደ ጓሮ ስትወጣ ተከትያት ሄድኩ። ከተሰጡት አንሶላዎች ኋላ ሆኜ ማሚና ዶኛ ፍሬዴስቢንዳ በአጥሩ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ።

"ዶሮ ነጋዴዋ ኔሬይዳ አለች" አሉ ዶኛ። "ባሏ ከሞተ ወዲህ ፒካፑን ራሷ ናት የምትነዳው። እሷ ጠዋት ትመርጣለች፣ ከሰዓት ነፃ ናት።"

"እሺ ትላለች?"

"እኔ አናግራታለሁ። አንቺ ብቻ ሐሳብሽን እንዳትቀይሪ።"

"አልቀይርም። ግን ከቆጠራው በፊት መሆን አለበት ዶኛ። ካሸነፈ ሰዉ በደስታው ቀን ጥላው ሄደች ይለኛል፤ እሱም በር አስገባልሽ፣ ጣሪያ ሠራሁልሽ እያለ ያስቀረኛል። ከተሸነፈ ደግሞ ያሳዝነኛል፣ አዝኜለት እቀራለሁ። እኔ ራሴን አውቃለሁ።"

"እንግዲያው ውጤቱን ሳትሰሚ ነዋ።"

"ሳልሰማ።"

ቃል በቃል ሰምቻለሁ፤ የገባኝ ግን ሌላ ነው። ቀዮቹ ከሐምራዊው ጋር አብረዋል። ዶኛ ቀይ ናቸው። ማሚ ከቀይ ጋር ትንሾካሾካለች፣ ሐሳብሽን እንዳትቀይሪ ትባላለች፣ ነጩ ከተሸነፈ አዝንለታለሁ ትላለች። ስለዚህ ማሚ ሐምራዊውን ልትመርጥ ነው! የሊቀመንበሩ ሚስት! ያን ቀን እራት አልበላ አለኝ።

ለፓፒ ብናገር ከማሚ ጋር ይጣላል፤ ዝም ብል ፓርቲያችን አንድ ድምፅ ይጎድለዋል። ስለዚህ በራሴ መንገድ ልመልሳት ቆረጥኩ። ከኮሚቴው ክምር ላይ የፓርቲውን ተለጣፊ እየወሰድኩ ቦርሳዋ ውስጥ፣ ትራሷ ሥር፣ የሩዝ ጣሳው ክዳን ላይ ለጠፍኩ። የበዓል ጫማዋ ውስጥም አንድ አስገባሁ። ያንን አገኘችው።

"ይሄ ምንድነው ዩዴልካ?"

"እንዳትረሺን ብዬ ነው።"

"እነማንን?"

"እኛን።"

ነጮቹን ማለቴ ነበር። ማሚ ግን ጫማውን እንደያዘች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ሳበችኝ፤ ትንፋሽ እስኪያጥረኝ ድረስ አቀፈችኝ። "አንቺን የት ትቼሽ እሄዳለሁ" አለችኝ። ፀጉሬ ውስጥ ነበር የምታወራው። እኔም ተሳካልኝ፣ ወደ ነጭ ተመለሰች ብዬ ደስ አለኝ።

የመጨረሻው ሳምንት ማሚ ያለውን የፓፒን ሸሚዝ ሁሉ ተኮሰች። አዲሱንም አሮጌውንም፣ እሱ ከዓመት በፊት የጣለውንም ጭምር። ሽቦ ላይ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተሰቅለው ቤቱ የልብስ መሸጫ መሰለ። ለስናሸንፍ እየተዘጋጀች ነው ብዬ ለሰፈሩ ልጆች አወራሁ። ሸሚዝ መተኮስ የማይችል ወንድ ጥላ መሄዷ እንደሆነ ለመረዳት እኔ ራሴ አግብቼ መፍታት ነበረብኝ።

የሁለተኛው ዙር ቀን ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ እሑድ ነበር። ሁሉም እንደ ግንቦቱ ሆነ። ጠዋት ማሚ መርጣ መጣች፣ ፓፒ በላ፣ ነጭ ቆቡን ደፋ። ያን ቀን ግን "ስናሸንፍ" አላለኝም። ደጃፉ ላይ ቆሞ ሽቦው ላይ የተሰቀሉትን ሸሚዞች አየ፣ ከዚያ ማሚን አየ፤ "በይ እንግዲህ" ብሎ ወጣ።

ኔሬይዳ ፒካፗን በጓሮ በኩል አምጥታ አቆመች። ሰፊ ትከሻ ያላት፣ የወንድ ኮፍያ የምታደርግ ሴት ናት። ጋቢናው ውስጥ እሷ፣ ማሚና እኔ ተጣበን ገባን፣ ሻንጣው ኋላ በዶሮዎቹ ሳጥኖች መሃል ተቀመጠ። ዶኛ ፍሬዴስቢንዳ ከአጥሩ ማዶ እጃቸውን አነሱ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አልተናገሩም።

ከሰፈሩ መውጫው በትምህርት ቤቱ በኩል ነው። ሌላ መንገድ የለም። በሩ ተዘግቷል፤ ወንዶቹ በግቢው ውስጥ ዛፍ ዛፉን ተጠግተው፣ ስማቸው እስኪጠራ ሲጋራ እያጨሱ ይጠብቃሉ። እኛ ቀስ ብለን ልናልፍ ስንል አንድ ልጅ እግር ወታደር እጁን ዘርግቶ አስቆመን።

"ምን ጭናችኋል?"

"ዶሮ" አለች ኔሬይዳ። "ምነው፣ ዶሮም ይመርጣል ተባለ እንዴ?"

"ዛሬ መጠጥ ክልክል ነው። ትላንት በዶሮ ሳጥን ውስጥ ሩም አረቄ ይዘናል። ሻንጣው የማን ነው?"

"የእኔ ነው" አለች ማሚ። ወታደሩ ስላልሰማት ደገመችው። "የእኔ።"

ወታደሩ ሻንጣውን የመኪናው ጠርዝ ላይ አድርጎ ከፈተው። የማሚ ቀሚሶች ወጡ። የእኔ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ወጣ፣ የክረምት ጫማዬ፣ የክርስትናዬ ፎቶ ከነመስታወቱ። ወታደሩ ከሥር ጠርሙስ ፍለጋ አንድ በአንድ ሲያነሳቸው በአጥሩ ሽቦ በኩል ወንዶቹ ያዩ ነበር። ከመሃላቸው ነጭ ቆብ ብድግ ሲል አየሁ።

"ፓፒ!" ብዬ በመስኮቱ ጮኽኩ። ሰርፕራይዙ ከተበላሸ ተበላሸ ብዬ፣ "አክስቴ የምታጠብበው ልብስ ነው!" አልኩት።

ፓፒ ወደ ሽቦው መጣ። ከኋላው አንዱ የኮሚቴው ሰው፣ "ኤሊሂዮ፣ ምነው ሚስትህ ከነጓዟ? ውጤቱን ሳትሰማ የት ልትሄድ ነው?" አለ፤ ሌሎቹ ሳቁ። ፓፒ ዞር ሳይል፣ "እህቷ ጋ ነው። እኔ ነኝ ሂጂ ያልኳት" አለ። ሰርፕራይዙን ያውቅ እንደነበር ገባኝ፤ ተናድጄ ማሚን አየኋት። ማሚ እሱን ታያለች።

ከመኪናው ወርጄ ወደ ሽቦው ሮጥኩ።

"ባርከኝ ፓፒ።"

"እግዜር ይባርክሽ የኔ ልጅ።" ቀለም ያልነካውን ጣቱን በሽቦው አሾልኮ ጉንጬን ነካኝ።

"አንተም ና።"

ቀና ብሎ ማሚን አየ። "በሩ ተዘግቷል" አለኝ።

"መቼ ነው የሚከፈተው?"

"ስንጨርስ።"

ማሚ ሳትወርድ፣ በመስኮቱ፣ "ሸሚዞቹን ሁሉንም ተኩሼልሃለሁ" አለችው።

"አይቻለሁ።" ከዚያ፣ "ውሃ ይዛችኋል?" አለ።

"ይዘናል።"

ሌላ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። በዚህ ጊዜ ከክፍሉ መስኮት አንድ ሰው ወረቀት እያየ ስሙን ጠራ። ፓፒ አልተንቀሳቀሰም። ስሙ ሁለተኛ ተጠራ፤ የኮሚቴው ሰዎች "ኤሊሂዮ! አንተን ነው! ተራህ ያልፋል!" አሉት። ማሚን አየኋት፤ እጇ የመኪናው በር መክፈቻ ላይ ነበር። ፓፒም ያያት ነበር። ከዚያ ቆቡን አስተካክሎ ጀርባውን ሰጠንና ገባ።

ወታደሩ ሻንጣውን እንደነገሩ ዘጋልን። ተመልሼ ጋቢናው ውስጥ ገባሁ፣ ኔሬይዳ ሞተሩን አስነሳች። ዶሮዎቹ እስከ ባኒ ድረስ ሲንጫጩ ሄዱ። ማሚ አላለቀሰችም፤ ራሷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ተኛች። እንደዚያ ተኝታ አይቻት አላውቅም ነበር፣ አፏን ከፍታ፣ እጇን ጭኗ ላይ ጥላ። ስንደርስ ኔሬይዳና እኔ አብረን ነው የቀሰቀስናት።

ነጩ በጥቂት ተሸነፈ። አክስቴ ቤት ሬዲዮው ይህንን ሲናገር ማሚ አጠፋችው። "በሩን ከፈቱላቸው?" ብዬ ጠየቅኩ። "ቁልፉ ጠፍቶባቸው ይሆናል" አለችኝ። በማግስቱም ጠየቅኩ፣ በሳምንቱም ጠየቅኩ። በኋላ ፓፒ ራሱ መጣ፤ የአክስቴ ግቢ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጣና ሄደ። ከዚያ ወዲያ በየወሩ ይመጣ ነበር፤ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተጨማደደ ነው። እኔ ሳድግም፣ ሰው ወላጆችሽ ለምን ተለያዩ ሲለኝም፣ ውስጤ ያለችው ልጅ መልስ ነበራት፦ ሊመጣ ፈልጎ ነበር፣ ተቆልፎበት ነው። በዚህች መልስ ነው ያደግኩት። ብዙ ነገር ችላልኛለች።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ሴትና ወንድ እንደፈለጉ ገብተው መምረጥ ከጀመሩ ከረጅም ጊዜ ወዲህ፣ ዋና ከተማው ውስጥ በአንድ ምርጫ ጣቢያ ተመድቤ እሠራ ነበር። አብሮኝ የተመደበው ሽማግሌ በድሮው ጊዜም ሠርቷል። ሰው ሲሳሳልን ወሬ ጀመረ። አንድ ጊዜ ሚስቱ ምጥ የያዛት ሰውዬ ከተዘጋ ግቢ እየሮጠ ሲወጣ የሆነውን ነገረን።

"በሩ ተቆልፎ የለም እንዴ?" አልኩት።

"ለሚገባው ነው እንጂ! የሚወጣውንማ ማን ይይዘዋል? ድምፁን ትቶ መውጣት ነው። ዘበኛው ከፍቶ ያሳልፈዋል፣ እሱ ምን ገዶት።"

የያዝኩትን እስክሪብቶ አስቀመጥኩ። አንድ መራጭ መታወቂያውን ዘርግቶልኝ ቆሟል፤ ሽማግሌው ትከሻዬን እስኪነካኝ ድረስ አላየሁትም። ያን ቀን እንደዚያ የተናደድኩት በስምንት ዓመቷ ልጅ ቁጣ ነው፤ ለእሷ ማንም ስላልተናደደላት።

ማሚ ጋ ደወልኩ። "መውጣት ይችል እንደነበር ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ሊወጣ እየቻለ ከቀረ አባት፣ የተቆለፈበት አባት ይሻልሻል ብዬ ነው" አለችኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አሱዋ ሄድኩ። ፓፒ ደጃፉ ላይ ቤዝቦል በሬዲዮ ያዳምጣል። ከፓርቲው ከወጣ ቆይቷል፤ ከዓመታት በኋላ ነጩ ሲያሸንፍ እንኳ ከወንበሩ አልተነሳም ብለው ነግረውኛል። ሽማግሌ ሆኗል። ንዴቴን አውቶቡሱ ውስጥ ስለማመደው ነበር የመጣሁት፤ ሳየው ግማሹ ጠፋብኝ።

"ፓፒ፣ ያን ቀን መውጣት ትችል ነበር።"

የትኛውን ቀን አላለኝም። ሬዲዮውን ቀነሰው። "እችል ነበር።"

"ለድምፅህ ስትል ነው የተውከን።"

"እናትሽም እንደዚያ ነው የምታስበው?"

"እሷ ምንም አትልም።"

ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ። "እኔ ብወጣ ኖሮ እናትሽ ትወርድ ነበር" አለ። "እጇ መክፈቻው ላይ ነበር፣ አይቻለሁ። ወርዳ ቤት ትመለሳለች፣ ሩዝ ትጥዳለች። እኔም በማግስቱ ደግሞ ሰው እሰበስባለሁ። ትንሽ ነው የቀረን እላታለሁ። ደክሞኝ ነበር ዩዴልካ። እኔም ደክሞኝ፣ እሷም ደክሟት ነበር። ሁለታችንም ከምናልቅ አንዳችን እንኳ ትረፍ አልኩ።"

"ከዚያ ገብተህ መረጥክ።"

"ስሜን ጠርተውት የለ? ገባሁ። ወረቀቱን ሰጡኝ፣ ከመከለያው ኋላ ቆምኩ። ኔሬይዳ ዳገቱ ላይ ማርሽ ስትቀይር ይሰማኛል፣ ያ መኪና እንዴት እንደሚጮህ ታውቂ የለ። እስኪጠፋ ድረስ አዳመጥኩት። እርሳሱን የት እንዳሳረፍኩት እስከ ዛሬ አላውቅም።"

ሬዲዮውን መልሶ ከፍ አደረገው። ያመንኩት ወዲያው አይደለም። ሰው ዕድሜው ሲገፋ ለራሱ የሚመቸውን ያስታውሳል። ግን ያ ሰው እኔ በማውቀው ዕድሜው ሁሉ ደከመኝ ሲል ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ ይህንን አስመስሎ የሚናገር አይመስለኝም። ሳይመሽ አውቶቡስ ተሳፈርኩ፤ ባኒ ሳልደርስ ለማሚ ደወልኩላት።

"ምን አለሽ?"

"ደክሞኝ ነበር አለ።"

"ማን? ኤሊሂዮ?"

"አዎ።"

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "ማሚ?" አልኩ።

"አለሁ" አለች። "ያን ሁሉ ዓመት አብሬው ስኖር አንድ ቀን ደከመኝ ብሎኝ አያውቅም። ብቻዬን የደከመኝ ይመስለኝ ነበር።" ትንፋሿ ይሰማኛል። "ያን ቀን በሽቦው በኩል ደከመኝ ቢለኝ ኖሮ ሻንጣዬን ይዤ እወርድ ነበር። እንኳንም አላለኝ።"

ድምፅዋ ግን እንኳንም የሚል ሰው ድምፅ አልነበረም።